የእናቴ አሚን

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ፈትያ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ቡታጅራ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት፣ ፎቶ ኮፒም የማነሳበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ገብታ ሰላምታ አበዛች፤ ሳላዛት የሻይ ብርጭቆዬን አነሳችና አለቀለቀች። ልጅ ሳይታዘዝ ብርጭቆ ሲያጥብ አንድ ነገር እንደፈለገ ይታወቃል። ቆየት ብላ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ለእጩ መኮንንነት የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚሞሉት ቅጽ ነው። ከላይ እስከ ታች ሞልታዋለች። ባዶ የቀረው «የወላጅ ፈቃድ» የሚለው መስመር ብቻ ነበር።

«አንቺም እኮ ገብተሻል» አለችኝ፣ ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

እውነቷን ነው፤ ገብቻለሁ። ሻምበል ሆኜ፣ የግራ ጉልበቴንም እዚያው ትቼ ነው የወጣሁት። የባጃጅ ነጂዎቹ እስከ ዛሬ «ሻምበል፣ ላድርስሽ?» ይሉኛል። እንዴት እንደገባሁ ግን ለልጆቼ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ምናልባት ስለማፍርበት ይሆናል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። ቤታችን እንሴኖ አጠገብ ስለሆነ ቡታጅራ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው። አርብ አርብ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሁድ ማታ የሳምንት ስንቃችንን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን እንመለሳለን። ሰኞና ማክሰኞ ቆጮው ለስላሳ ነው፤ አይብና ጎመንም አለ። ከረቡዕ በኋላ በሻይ ካልነከሩት ጥርስ ይፈትናል። ዛሬም ትኩስ ቆጮ ስበላ ያ የሐሙሱ ትዝ ይለኛል፤ ናፍቆኝ ነው ብል ግን ውሸት ነው።

በእኛ ሰፈር ወንድ ልጅ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው መርካቶ ይሄዳል። ሊስትሮ ይሆናል፣ ዘመድ ሱቅ ይላላካል፣ ከዚያ የራሱን ይከፍታል። ማንም ቁጭ ብሎ ይሂድ አይሂድ ብሎ አይመክርበትም። አባቴ እንዲያ ሄዷል፤ ወንድሜ ነስሩም እንዲያ ሄዷል። ለአረፋ ስኳርና ዳቦ ተሸክመው ይመጣሉ፣ አገሩ ሁሉ በደስታ ይቀበላቸዋል፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። እኔና እናቴ ደግሞ እንሰቱን እንተክላለን፣ እንፍቃለን፣ ቡላውን እንጨምቃለን። እኔም የራሴን መርካቶ እፈልግ ነበር። የት እንደሆነ ግን አላውቀውም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሁለት የመከላከያ ሰዎች መጡ። አንደኛው መቶ አለቃ ነው፤ ረጅም ንግግር አደረገ። ከንግግሩ የያዝኩት ሴቶችም መመዝገብ እንደሚችሉና ዕድሜው ያልሞላ ተማሪ የአባቱን ፊርማ ማምጣት እንዳለበት ነው። እኔ አሥራ ስምንት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ወረቀቶቹን ይዛ ቆመች እንጂ አልተናገረችም። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በአቧራ ተለብዷል። ዓይኔን ከዚያ ጫማ መንቀል አቃተኝ። ይህቺ ሴት ከየትም ትምጣ፣ ማንም ሳይድራት ከቤቷ ወጥታ እዚህ ደርሳለች አልኩ በልቤ። የዚያን ዕለት ቅጹን ወሰድኩ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ጋሽ ጌታነህ ከሰሜን የመጡ ሰው ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ወታደር ሆነው ስለቆሰሉ ትንሽ ያነክሳሉ። ቅጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት።

«እኔን በአፈሳ ነው የወሰዱኝ» አሉ። «ከገበያ። በግ ልሸጥ ሄጄ። ስለዚህ ሁሉንም የማማርረው በእነሱ ላይ ነው፤ ይቀለኛል። አንቺ ግን ማንም አልያዘሽም። ነገ እግርሽ ቆስሎ ስታለቅሺ በማን ታማርሪያለሽ?»

«በማንም» አልኳቸው።

«እንግዲያው የሥልጠናውን ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህንኑ መልስ ማስታወስ ነው» ብለው ቅጹን መለሱልኝ።

የቀረው አባቴ ነበር። ለአረፋ መጣ። ፊት ለፊት ብጠይቀው እሺ እንደማይለኝ አውቄያለሁ። ስለዚህ ዛሬም የምሸማቀቅበትን ነገር አደረግሁ።

በእኛ ዘንድ በበዓል ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጫት ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። ዱዓ የፈለገ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ላሟ የታመመችባት፣ ልጅ የዘገየባት፣ ፈተና ያለበት። የመጣ ሰው ዱዓ አይከለከልም። ዱዓ የተደረገለት ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ አሚን ያለው ሰው ሁሉ ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙህ «ያ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ይሉሃል። አሚን ብሎ ዞሮ የሚያደናቅፍ ሰው በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም።

አንድ እስር ጫት በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ቤቱ ሞልቷል። የክትፎው ቅቤ ሽታ ገና አልለቀቀም፤ ከውጭ የበልጉ ዝናብ ሣር ክዳኑን ይመታል። ጫቱን የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሸህ ከድር ፊት አስቀመጥኩ።

«ፈተና አለብኝ፤ ሌላም ያሰብኩት ነገር አለ። አላህ እንዲያሳካልኝ ዱዓ አድርጉልኝ።»

ሸህ ከድር እጃቸውን ዘረጉ። «ያሰብሽውን ይሙላልሽ።» አሚን። «መንገድሽን ያቅናልሽ።» አሚን። «የጠላትሽን ዓይን ይያዝልሽ።» አሚን። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የአባቴ ድምፅ ነበር። ዱዓው አልቆ ፊታቸውን ካበሱ በኋላ ሸህ ከድር፣ «ለመሆኑ ያሰብሽው ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ወታደር ቤት ገብቼ መኮንን ልሆን ነው።»

ጫት የሚቀነጥስ እጅ ሁሉ ቆመ። አባቴ አየኝ፤ ቀጥሎ ሸህ ከድርን አየ።

«ሶላትሽንስ የት ልትሰግጂ?» አሉ ሸህ።

«እዚያም መሬት አለ፣ ሸህ።»

አንድ ሰው ከጥግ ሳቀ። ሸህ ከድር ጢማቸውን እየነካኩ ወደ አባቴ ዞሩ። «አሚን ብለናል እንግዲህ» አሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «መርካቶ መላክ የነበረብኝ ይህቺን ነው» አለ፤ ነስሩ አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። በማግስቱ ጠዋት እያመነታ ፈረመልኝ። ልቤ ጮቤ ረገጠች።

እናቴን ረስቻት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ የእሷን አሚን ግን አልሰማሁም። ቅጹን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር አጎንብሳ የደረቀውን ቅጠል ትቆርጣለች።

«እማ፣ አባ ፈረመልኝ።»

«ሰማሁ» አለች ቀና ሳትል። «ወንዶቹን አሚን አስባልሻቸው። እነሱ አሚን ብለው ማክሰኞ መኪና ይሳፈራሉ። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።»

አባቴም ነስሩም ያለ ሐሳብ መርካቶ የሚከርሙት ሁለት ሴቶች እዚህ ስላሉ ነው። አሁን አንዷ ብቻዋን ልትቀር ነው። ወደ ጦርነት የምትሄደው ደግሞ ሌላዋ ናት። ይህን ሁሉ እሷ ከእኔ ቀድማ አስባዋለች።

«ቅሪ ካልሽኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አልልሽም» አለች። «ብከለክልሽ ዕድሜ ልክሽን ስታኮርፊኝ ልትኖሪ ነው። ሂጂ። አሚን ግን ከአፌ አይወጣም።»

«መቼ ነው የምትዪልኝ?»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «በሁለት እግርሽ በዚህ በር ስትገቢ።»

መቅረት እችል ነበር። ቅጹን ቀድጄ እንሰቱ ሥር ብጥለው ማንም አይጠይቀኝም። አልቀደድኩትም። ሰኔ ላይ ፈተናዬን ጨርሼ ሄድኩ። በሥልጠናው እግሬ ቆሰለ፣ ከንፈሬ ተላጠ፤ በማንም አላማረርኩም። ውስጤን የበላው ያ ያልተባለ አሚን ነበር።

በሚቀጥለው አረፋ ፈቃድ አግኝቼ ከመርካቶ ወንዶች ጋር አንድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ጥያ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ዓይነት አቧራ ለብሰናል። ከእግሬ ሥር እንደ እነሱ ስኳርና ዳቦ ይዣለሁ። ቤት ስደርስ እናቴ እንሰት ትፍቃለች። ፊቴን አላየችም፤ ቀድማ ያየችው እግሬን ነው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«አሚን» አለች። ቀጥላም፣ «ዕቃሽን አኑሪና ይህን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። ቡላውን አብረን ጨመቅን። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ እጄ ስለተያዘ አልጠረግኩትም።

ከትምህርት ቤታችን አብሮኝ የተመዘገበ ተማም የሚባል ልጅ ነበር። እሱ አልተመለሰም። እናቱ እስክትሞት ድረስ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር የምታየው እግሬን ነበር።

ልጅ ወታደር ቤት ይግባ ወይስ አይግባ የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ሻምበል ስለሆንኩ መልሱ ያለኝ ይመስላቸዋል። ያስተካክለዋል የሚሉት አሉ፤ ይበላዋል የሚሉትም አሉ። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ስለዚህ የፈትያን ቅጽ አንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። በየማታው ጠየቅኳት፤ ማን ገፋሽ፣ ምን ከፋሽ፣ በማን ታማርሪያለሽ አልኳት። «በማንም» አለች። ጋሽ ጌታነህን አታውቃቸውም።

ዛሬ ጠዋት ፈረምኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «አላህ ያሳካልኝ! አሚን በዪልኝ እንጂ፣ እማ» አለችኝ።

ልል አፌን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ሂያጇ እኔ ነበርኩ፤ መቅረት እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

«በሁለት እግርሽ በዚህ በር ስትገቢ» አልኳት።