የአባዬ ወጥ ቤት ወለል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አቃቂ ያለውን የወላጆቼን ቤት የፊት ክፍሎች ምግብ ቤት ለማድረግ ስንታገል ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ረስቶታል። እኔ ግን ወጥ ቤቱ ሲታጠብ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ቤት ማደስ ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ቧንቧ ሠሪው "ነገ" ይላል፣ ነገ ስልኩን ያጠፋል። መብራት የሚዘረጋው ግድግዳውን ሸንቁሮ ይሄድና ለሳምንት ድራሹ ይጠፋል። እኔ ደግሞ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት አስፈቅጄ አቃቂ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። የሲሚንቶ ብናኝ ፀጉሬ ላይ አይተው የቢሮ ሰዎች "ሸበትሽ እንዴ?" ብለውኛል። በቃ፣ ቆሜ ነበር የምተኛው።

አባዬ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እጁ ሥራ ፈትቶ፣ ፊቱም ጠውልጎ ነበር። እድሳቱ ሲጀመር ግን ሰው ሆነ። የምርቃቱ ቀን ቅዳሜ እንዲሆን ወስኖ የድሮ ባልደረቦቹን ሁሉ ምሳ ጠራ። "መጥተው ሥራዬን ይዩ" ይላል። ሥራዬ የሚለው የእማዬን ወጥ አይደለም፣ ቤቱን ነው።

ለወለሉ ስንታየሁ የሚባል ሴራሚክ ሠሪ ከቱሉ ዲምቱ አመጣን። ሰው ጠቁሞን እንጂ አናውቀውም። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባዬ ውሃ ልክ ይዞ ከኋላው አይለይም። እያንዳንዱ ሴራሚክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ውስጧ ያለችው አረፋ ከመሃል ፈቀቅ ካለች "አንሣው!" ነው።

"ጋሼ፣ ወጥ ቤት እኮ ወደ ፍሳሹ ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት። አለዚያ ውሃው አይወርድም" አለው ስንታየሁ።

"ጠማማ ሥራ እኔ ቤት አይገባም!" ብሎ አባዬ ጮኸበት።

ስንታየሁ ወደ እኔ መጣ። በር ላይ ቆሜ ከቀለም ቀቢው ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ነበር። "እህቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው። ኋላ ትቸገራላችሁ" አለኝ። እውነቱን መሆኑን አውቄአለሁ፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ግን ከአባዬ ጋር ለመከራከር አቅሙ አልነበረኝም። "በናትህ አባዬ እንዳለህ ዝም ብለህ ሥራ። ንትርክ ሰልችቶኛል" አልኩት። ትንሽ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት እማዬ ወለሉን ልታጥብ ውሃ ለቀቀችበት። ውሃው ንቅንቅ አልል አለ። ሲበዛ ደግሞ ወደ ፍሳሹ ሳይሆን ወደ መመገቢያው ክፍል፣ አዲስ ወደተቀቡት ወንበሮች መጣ። እማዬ "ኧረ በማርያም!" አለች። አባዬ ተንበርክኮ ውሃ ልኩን አስቀመጠ። አረፋዋ ቀጥ ብላ መሃል ላይ ናት። ሲያያት ቆየና ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ስንታየሁ ጋ ደወልኩ። ወዲያው ደረሰ። "ነግሬያችሁ ነበር" ይላል ብዬ ስጠብቅ ሴራሚኩን መፈንቀል ጀመረ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ጨረሰው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ መረገጥ የለበትም። ስለዚህ ቅዳሜ የወጥ ቤቱን በር በጣውላ ዘግተን እማዬ ጓሮ ጉልቻ ጎልታ በእንጨት አበሰለች። ስንታየሁንም ምሳ ጠራነው።

እንግዶቹ መጡ። ጋሽ ኃይሉ የሚባለው የአባዬ ባልደረባ ጣውላውን አየና፣ "አንተ በቀለ! አርባ ዓመት ሙሉ ሚሊሜትር እያልክ ስታሰቃየን ኖረህ፣ የራስህን ወጥ ቤት ማስጨረስ አቃተህ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። አባዬ አቀረቀረ።

ስንታየሁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ተነሣና፣ "የእኔ ጥፋት ነው። እሳቸው በደንብ ነግረውኝ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ። ያውም በገዛ ሙያው፣ ነገ ሥራ ሊሰጡት በሚችሉ ሰዎች ፊት!

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ውሸቱን ነው" አለ። "ይሄ ሰው አስጠንቅቆኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ የማውቀው ብረት ነው፤ ስለ ውሃ ምን አውቄ!"

ከዚያ ጋሽ ኃይሉ "አይ በቀለ!" ብሎ ሳቀና አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ስንታየሁን አጎረሰው። ጨዋታው ቀጠለ።

እኔ ወጥ ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ሁለት ሰዎች ጥፋቱን ሲሻሙ "ለእኔም ነግሮኝ ነበር" ማለት ያለብኝ ያኔ ነበር። አላልኩም። ስንታየሁ ቀና ብሎ አየኝ። "ትንሽ ጨምሪልኝ" ብቻ ነው ያለኝ።

ምግብ ቤቱ ተመስገን ነው፣ ይሠራል። ደክሞኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ግን ዓርብ ዕለት ተንበርክኮ ሲሠራ የዋለው ሰውስ አልደከመውም?

አባዬ ይህን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው የጻፍኩት። አባዬ፣ ስንታየሁ እኔንም ለምኖኝ ነበር። ያኔ አንዲት ቃል ብነግርህ ኖሮ በጓደኞችህ ፊት አታቀረቅርም ነበር። ይቅር በለኝ።