የሚስ ኤድና መርዶ

ትናንት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ደውላ፣ "እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ላሉት ለእትዬ አልማዝ መርዶ አለ። እስከዚያ እንዳይሰሙ፣ ፕሊስ" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ፤ ቁርሴም ቀረ። መርዶ በተባለ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ሚስ ኤድና ናቸው።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ እንደመጣሁ፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ የተከራየሁት ሂሊያርድ የሚባለው ሰፈር እሳቸው ቤት ነበር። በወጣትነታቸው ወንጌል ሊሰብኩ ሆሳዕና አካባቢ ሄደው፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፍተው፣ እዚያው ያረጁ አስተማሪ ናቸው። አላገቡም። ደጃፋቸው ላይ ተጥላ ያገኟትን አበራሽን እንደ ልጃቸው አሳደጉ፤ ጡረታ ሲወጡም ትምህርት ቤቱን ለእሷ አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሽሮ ከእኔ አሳምረው ይሠሩ ነበር። እኔ አማትቤ ልጎርስ ስል ግን እጄን ይዘው ረጅም ጸሎት ይጀምራሉ። እንደ ጴንጤ ጸሎት ወጥ የሚያቀዘቅዝ የለም እል ነበር በሆዴ።

አንድ ማክሰኞ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እሳቸው ገበያ ሳሉ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ። አበራሽ በድንገት ታማ አርፋለች። ደንግጬ ለቀድሞ ተማሪያቸው ለጋሼ ተክሉ ደወልኩ።

"እንዳትነግሪያቸው!" አለኝ። "ሰዉ ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። ቅዳሜ ኦፍ ስንሆን ተሰብስበን እናረዳቸዋለን።"

ወጉ ነውና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሚስ ኤድና ለገና ወደ አበራሽ ሊሄዱ ሻንጣ ይሸክፉ ነበር። "ይኼ ሹራብ ይበቃታል?" እያሉ እኔ ላይ ይለኩታል። ቆሜ ተለካሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳና ከፈቱ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ተማሪዎቻቸው በረንዳውን ሞልተውታል። ማንም ሳይናገር ገባቸው፤ እዚያ አገር ስንቱን ሲያረዱ ኖረዋል።

"አበራሽ ናት? መቼ ተቀበረች?"

"ረቡዕ፣ ሚስ" አለ ጋሼ ተክሉ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ረቡዕ ማታ ጤና ስጣት ብዬ ጸለይኩላት" አሉ። "ሐሙስም ጸለይኩ። ትናንትም። ለሬሳ ነበር?"

ሁላችንም አለቀስን፤ እሳቸው አላለቀሱም። ከዚያ ወዲያ ማዕድ ላይ እጄን አልያዙም። እኔ አማትቤ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ዝም ብለው ይጎርሳሉ። ትምህርት ቤቱም ሰው አጥቶ ተዘጋ። በመጨረሻ ሲያጣጥሩ ከአልጋቸው አጠገብ ነበርኩና "ልጸልይልዎ?" አልኳቸው።

"ማን ሊሰማሽ?" አሉኝ።

ማክሰኞ ዕለቱን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ይለወጥ ነበር? አይመስለኝም፤ ሞት የሚሰማበት ደህና ሰዓት የለም። እኔም ዛሬ ወደ እሳቸው ዕድሜ ተጠግቻለሁ። ማታ ማታ ለጸሎት ስቆም፣ አባታችን ሆይን ሳላጋምስ ያ ጥያቄያቸው ይመጣብኛል። ሳልጨርሰው እተኛለሁ።