የእሷን ስግደት መቁጠር

ቡሬ አስተምሬ አመሻሽ ላይ ፍኖተ ሰላም ስገባ ቃል የማወጣበት ጉልበት አልነበረኝም። የጠዋት ፈረቃ፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ መሀል ላይ ስብሰባ፣ ከዚያ ታጭቆ የሚሄድ ሚኒባስ። ባለቤቴም ከነጋዴ መጋዘን በርበሬ ስትቀነጥስ ውላ እያስነጠሰች ትመጣለች። ካንድ ገበታ እየበላን ሳንተያይ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ደከመንና ሽማግሌዎችን "ለዩን" አልናቸው። ለፋሲካ ማግስት ቀጠሩን።

የነፍስ አባታችን ይህን ሰምተው ሁዳዴ ሲገባ መጡ። አልገሠጹንም። በየማለዳው አርባ አንድ አርባ አንድ ስግደት አዘዙን። "አንተ የሷን ቁጠር፣ አንቺም የሱን ቁጠሪ። የየራሳችሁን እንዳትቆጥሩ" አሉ። እኔ በድካም ላይ ድካም ጨመሩልን ብዬ አጉረመረምሁ።

እሷ የኔን ስትቆጥር አንድም አትስትም። እኔ ግን አፌ ይቆጥራል፣ ልቤ ቡሬ ነው፣ ካልታረመ የፈተና ወረቀት ላይ። አንድ ቀን ቁጥሩ ጠፋኝ።

"ስንት ደረስሁ?" አለች እያለከለከች።

አላውቅም ማለት አፈርሁና "ሠላሳ" አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና ወደ መሬት ወረደች። አሁንም ድረስ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሣሁም። ጾሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ መዳፏን መሬት እንደማታስነካ አየሁ፤ በጡጫዋ ነበር የምትደገፈው። ሃያ ሦስት ላይ ነን። አንጀቴን በላችኝ።

"በቃ፣ አርባ አንድ ሞላ" አልኋት።

"ሃያ ሦስት ነው" አለች እንደተንበረከከች። "አባ ይፍቱኝና፣ የራሴንም እቆጥር ነበር። ያን ቀን ሠላሳ ስትለኝ አርባ ደርሼ ነበር። አሥር አስጨመርኸኝ።"

"እጅሽስ ምን ሆኖ ነው?"

"በርበሬው ልጦኝ ነዋ። ከገና ጀምሮ።"

ከገና ጀምሮ በዚያ እጅ ነበር ራቴን የምታቀርብልኝ። መዳፏን በለብታ ውኃ አጠብሁና ቫዝሊን ቀባሁላት። የቀረውን አሥራ ስምንት እኔ ሰገድሁላት፤ እሷ ቆጠረች። ሚኒባሱ አመለጠኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ቢያዩን "ታረቃችሁ እንዴ?" አሉ።

"ገና ነው" አለቻቸው ባለቤቴ። "መቁጠር እየተማረ ነው።"