በግራሩ ላይ የተሰቀለው ፓራፋንጎ

በከሚሴ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚያነብቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሳይማሩ ከብት የሚያክሙም ነበሩ። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። አማርኛውን ከጨረስኩ በኋላ ኦሮምኛው የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል በሁለት ወር ያዝኩት። በእንስሳት ክሊኒኩ ዘበኛ ሆኜ ስቀጠር ከበሩ ይልቅ የምጠብቀው ውስጡን ነበር፤ ሐኪሙ መርፌ ሲወጋና መድኃኒት ሲለካ ዓይኔን አላነሳም። ሐኪሙ ሲዛወር የጨፋ ገበሬ የታመመ ከብቱን የሚያሳየው ለእኔ ሆነ። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የነበረ ነገር ስለሆነ ነው።

ባጃጅ ከሚሴ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በጨፋ ሸለቆ የሚሠራ የከብት ከታቢ ፈለገ። የምስክር ወረቀት ያላቸው ሰዎች ሙቀቱንም ጭቃውንም አልወደዱትም። የእኔ ስም ተነሳ። ኃላፊው ወጣት ነበር፤ አክብሮ አስቀመጠኝ።

“ወረቀት የለዎትም” አለኝ። “እጅዎ ግን ጥሩ ነው ይላሉ። አንድ ወር ይሞክሩ። የክትባቱ መድኃኒት የሚቀመጥበት በረዶ ሳይቀልጥ ከብቶቹ ዘንድ መድረስ አለበት። አንድ ቀን ሞቆ ከደረሰ ወደ ዘበኝነትዎ ይመለሳሉ።”

“ሞቆ አይደርስም” አልኩት።

“በምን ሊሄዱ ነው?”

በምን እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር። “በሳይክል” አልኩት።

እስከዚያ ቀን ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። መንዳቱን በኋላ በአንድ ከሰዓት ተማርኩት፤ የከበደው መምረጡ ነበር። ቤቴ ከከተማው ውጭ በአስፋልቱ ዳር ነው። በየማለዳው ከሚሴ ገብቼ የበረዶ ሳጥኑን እወስዳለሁ፤ ከዚያ አስፋልቱን ትቼ በከብት መንገድ ወደ ሸለቆው እወርዳለሁ፤ ማታ ሲሪንጆቹን መልሼ ወደ ቤቴ። ስለዚህ አስፋልቱንም፣ እሾሁንም፣ የመስኖ ቦዩንም የምትችል አንዲት ብስክሌት ያስፈልገኝ ነበር። ዋጋዋ ደግሞ ከአንዲት ጊደር እንዳይበልጥ ሚስቴ ቁርጡን ነግራኛለች።

መጀመሪያ አንድ የከሚሴ አስተማሪ የሚሸጣትን አየሁ። ቀላልና ፈጣን ናት፤ ጎማዋ ግን እንደ አውራ ጣቴ ቀጭን ነው። የግራር እሾህ አንድ ቀን አያሳድራትም ብዬ ተውኳት። ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ማርሽ ያላት አዲስ ነበረች። ዋጋዋ የበሬ ነው፤ ማርሹ ቢሰበር ደግሞ በከሚሴ መለዋወጫው አይገኝም። እሷንም ተውኳት። ሰዎች ባማረ ነገር ይታለላሉ፤ እኔ አልታለልም።

ሰኞ ባቲ ወጣሁ። አፋሮች ፍየልና ግመል፣ ደገኞች እህል ይዘው የሚገናኙበት ገበያ ነው፤ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃም ጥግ ጥጉን ይዘረጋል። እዚያ ወፍራም ጎማ ያላት፣ ማርሽ የሌላት አሮጌ ጥቁር ብስክሌት አገኘሁ። የላይኛው ዘንግ የላትም፤ የሴት ናት። ሽርጥ ለሚያገለድም ሰው ከዚህ የተሻለ አልተሠራም፤ እግር ሳይሰቅሉ ይወጡባታል። የከሚሴ ሽርጥ ለባሽ ሁሉ በወንድ ሳይክል ልብሱን ሲተለትል ሲኖር ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

የገዛኋት እንደ በቅሎ ነው። የማሽላ ጆንያ ጫንኩባት፤ ጠጠሩን አቀበት ገፋኋት፤ ወደ አንድ ጎን ታዘነብል እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ሻጩን ዋስ ጠየቅኩት። በእኛ አገር በቅሎ የሚሸጥ ሰው የተሰረቀች እንዳልሆነች፣ የተደበቀ ነውር እንደሌለባት የሚመሰክርለት ዋስ ያቆማል።

ሻጩ ከሸቀጡ ላይ ቀና አለ። “ለበቅሎ እንጂ ለብረት ዋስ የሚጠይቅ ወላሂ ዛሬ አየሁ።”

“ብረትም ይሰረቃል” አልኩት።

አጠገቡ ጨው የሚሸጥ ሽማግሌ “ጥርሷንም እይ እንጂ፣ ዕድሜዋን እንድታውቅ!” ብሎ ገበያተኛውን አሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ጎንበስ ብዬ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ አየሁ። ሁለቱ ተሸርፈዋል። ሻጩ ዋጋ ቀነሰ፤ ጨው ሻጩም ራሱ ዋስ ሆነ።

ከጎማው በላይ ሆነው የጭቃ ፍንጣሪ የሚመልሱት ፓራፋንጎዎቹ ተፈትተው ጆንያ ውስጥ ነበሩ። ሻጩ “ተዋቸው፤ ጨፋ ላይ ጭቃ ይይዙብሃል” አለኝ። እኔ ግን ካልተገጠሙ አልወስድም አልኩ። ጭቃ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የከብት መንገድ ግን ግማሹ እበት ነው፤ እበት በተረጨ ሽርጥ ሶላት አይሰገድም። ሰውዬው የሚያስበው ስለ ጎማ ነው፣ እኔ ስለ ሶላቴ አስቤያለሁ ብዬ ረክቼ ተመለስኩ።

ሚስቴ በር ላይ ቆማ አየቻት። “የሴት ነው እኮ። ለኔ ነው የገዛህልኝ?”

“ለሽርጤ ነው።”

“እንግዲያ ሽርጥህን አስነዳው” አለችና ገባች።

መሬቱ ደረቅ በሆነባቸው ሳምንታት አንድ ቀን አልዘገየሁም። የሙከራው ወር ሊያልቅ ሲል ግን ዝናብ ጣለ። ኃላፊው ሥራዬን በዓይኑ ሊያይ በዋዜማው፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በመኪና ወርዶ ገበሬዎቹ ዘንድ አድሯል። እኔ ሳጥኑን ከኋላ አስሬ አስፋልቱን በፍጥነት ጨረስኩና ወደ ሸለቆው ታጠፍኩ። የጨፋ አፈር ጥቁር ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጥቂት እንደሄድኩ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ታጨቀ፤ ቸርኬው ቆመ። በእንጨት ጠረግኩት። ሃያ እርምጃ ሄጄ ደግሞ ቆመ። ልሸከማት ሞከርኩ፤ ከነሳጥኑ አትቻልም። ሳጥኑን መክፈት በረዶውን ማቅለጥ ነውና ጆሮዬን አስጠግቼ ነቀነቅኩት። ውኃ ይንቦጫረቃል። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ከብቱ ወደ ቦርከና ወንዝ ለውኃ ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ የምወጋው ከብት የለም።

መንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ግራር ሥር ቆምኩ። የሻጩ ቃል ትዝ አለኝ። መፍቻ ከቦርሳዬ አይለይም፤ ሁለቱንም ፓራፋንጎ ፈታሁና ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቸርኬው ዞረ። ጭቃውም እበቱም ጀርባዬንና ፊቴን መታኝ፤ አላቆምኩም።

ስደርስ በረቱ ተከፍቶ የፊተኞቹ ላሞች ወጥተዋል። ኃላፊው ሳጥኑን ከፈተ። የእንቁላል ያህል በረዶ ቀርቷል። ባለከብቱ ሽማግሌ “አካም ቡልቴ?” ብለው ሰላም አሉኝና ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ።

“መድኃኒቱ በርዷል” አሉ። “የሞቀው ሰውዬው ነው።”

ኃላፊው “ይጀምሩ” አለኝ። ላሞቹ ተመለሱ። የመጨረሻዋን ጊደር ወግቼ ስጨርስ የዙህር ሶላት ደረሰ፤ ሽማግሌው ንጹሕ ሽርጥ አዋሱኝ፣ ታጥቤ ሰገድኩ።

በማግስቱ የፓራፋንጎዎቹን ብሎን አውጥቼ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አሰርኳቸው፤ ያለ መፍቻ ይፈታሉ። በዝናብ ወራት ስወርድ ግራሩ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፤ ስመለስ አስራቸዋለሁ። ውሎ አድሮ ገበሬው ፓራፋንጎ ተሰቅሎ ካየ ከታቢው ወርዷል ብሎ ከብቱን ይሰበስብ ጀመር። ጡሩንባ ቢነፉ እንዲህ አይሰበሰብም።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። ያለ ወረቀት ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ አንድም መድኃኒት ሞቆ አልደረሰም። ሦስት ከታቢዎች አሠለጠንኩ፤ ሦስቱም ወረቀት ነበራቸው። በቦርሳዬ ትርፍ ሽርጥ መያዝ ስለጀመርኩ በጭቃ ምክንያት የዘገየ ሶላት የለኝም። ሚስቴን መንዳት አስተማርኳት፤ እስከ ወፍጮ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ሌላ ሰኞ ደግሞ ባቲ ወጥቼ፣ ያ ጨው ሻጭ እየሰማ፣ ስለ ፓራፋንጎው ልክ የነበርከው አንተ ነህ ብዬ ለብስክሌት ሻጩ ነገርኩት። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አይደለም።