ሰላምታ አዋቂው ሂርጳ

ካቺሲ ውስጥ ሰላምታ የሚያውቅ ማን ነው ቢባል፣ ያኔ ሂርጳ ነበር። መንገድ ላይ ከእሱ ጋር የተገናኘ ሰው ገበያው ረፈደበት ማለት ነው። ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሰውየውን ሚስት፣ ልጆቹን፣ በሬዎቹን፣ የታመመች ላም ካለችም እሷን ሳይቀር ይጠይቃል። እሱ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» በሬው ገደል ገብቶ በሞተበት ቀን እንኳ እንዲያ ነው ያለው። ችግር የሚነገረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ገና «እንዴት ነህ» ሲል መከራን ማራገፍ በካቺሲ ሰው ዘንድ ነውር ነው።

ሚስቱ ድንቅቱ በዚህ ትስቅበት ነበር። «አንተ እኮ ሊገንዙህ ሲመጡም ደህና ነኝ ትላቸዋለህ!» ትለዋለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ድንቅቱ አራተኛ ልጇን ስታምጥ ጠናባትና ወደ አምቦ ተላከች። የሆስፒታሉን ስም ተዉት፣ ስም ምን ያደርጋል። በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሂርጳ ጥበቃውን ሳይቀር እየዞረ አመሰገነ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከሥሯ ያለው አንሶላ ቀላ። በመጀመሪያ የመዳፍ ያህል ነበር። «በረደኝ» አለችው፣ ጋቢውን ደረበላት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሮቤራ የሚባለው ነርስ መጣ። በአንድ እጁ ፋይል፣ በሌላው ስልክ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ።

«እሺ፣ እዚህ ጋ እንዴት ናችሁ?»

ሂርጳ ብድግ አለ፣ ቆቡን አወለቀ። «ደህና ነን ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ አካም ጂርቱ? ቤተሰብ ሰላም ነው?»

ሰላምታው እንዳለቀ ደሙን ሊያሳየው ነበር እኮ! ሮቤራ ግን ፋይሉ ላይ ጫር አድርጎ ሁለት አልጋ አልፏል። ተከትሎ «ዶክተር…» ቢለው፣ «ፋዘር፣ ታካሚ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ? ቁጭ በል!» አለው። ሂርጳ ሰው ፊት አፈረና ተመልሶ ተቀመጠ። እኔን ያቃጥለኝ! ያንን ጋቢ አንድ ጊዜ ገለጥ ማድረግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሂርጳ የነርሶቹን ክፍል አንኳኳ። ውስጥ ይሳሳቃሉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሚስቴ…»

«ምሳ ሰዓት ነው! በሩን ዝጋው!»

ዘጋው። ኮሪደሩን የምትወለውለው ዶርቃስ ጠጋ አለችው። «ሐኪሙ የግል ክሊኒኩ ጋ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ወንድሜ ጩህ! እዚህ ያልጮኸ አይታይም።»

ሂርጳ ግን በዕድሜው ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

«ነገርካቸው?» አለችው ድንቅቱ። ድምፅዋ አልቋል።

«ነግሬያቸዋለሁ። እየመጡ ነው።»

ማንም አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇ እጁ ውስጥ ቀዘቀዘ። ያኔ ጮኸ፣ አዎ፣ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸ። ጠዋት አንድ ሰው የጠፋበት ሆስፒታል ያን ጊዜ ነጭ ጋወን በነጭ ጋወን ሆነ።

ሐኪሙም መጥቶ ፋይሉን ገለጠ። ሦስት ሰዓት ላይ «ደህና ናት» ይላል። ስድስት ሰዓት ላይም፣ ማንም ዝር ባላለበት ሰዓት፣ «ደህና ናት» ይላል።

«ማን ነው ደህና ናት ያለው?»

ሮቤራ በጣቱ ጠቆመ። «ባሏ ነው። ይጠየቅ።»

ሁሉም ወደ ሂርጳ ዞሩ። እሱም አልካደም። «ብያለሁ» አለ።

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። አቤት ባለበት ቢሮ ሁሉ ያቺው ቃሉ እየተነበበች ትመለስለታለች። የአገሩ ሰው እንኳ ለቅሶ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲል ሰምቷል። ኧረ ወዲያ! ደም ወለል ላይ እየፈሰሰ ምኑ ነው የተደበቀው? ግን ለማን ይነገራል። ሂርጳ ራሱ አምኗቸዋል፤ ድንቅቱን የገደላት የእሱ አፍ እንደሆነ ነው የሚያውቀው።

ዛሬ ሰላምታ አይመልስም። የልጅነት ጓደኛው ኦሊቃ ከማዶ ቢጠራውም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰዉ «ነክቶታል» ብሎ ትቶታል።

ያቺ ሕፃን መቲ ትባላለች፣ ሦስት ዓመቷ ነው። እንደ እናቷ ምላሷ ፈጣን ነው። የገበያ ሰው ከሩቅ «መቲዬ፣ ደህና ነሽ?» ሲላት፣ «ደህና!» ልትል አፏን ትከፍታለች። ሂርጳ ጎንበስ ይልና አፏን በመዳፉ ይይዘዋል።

«ዝም በይ» ይላታል። «መጀመሪያ ቀርበው ይዩሽ።»