ፀጥ ባለ ስታዲየም የምትጣራው ሴት

ሾፌሩም፣ ተሳፋሪውም፣ ጋዜጣ ሻጩም የሚጠሯት ‹‹ደወል›› እያሉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የአውቶቡስ መስመር ላይ በረዳትነት ሠርታለች። በሩን በግራ እጇ ይዛ፣ ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አውጥታ ‹‹ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ድልድይ›› ብላ ስትጣራ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ፎጣውን ከአንገቱ ሳያወርድ ሮጦ ይደርስባታል ይባላል። ከእሷ ጋር አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ቀልደኛ ሾፌር፣ ‹‹የዚህ መኪና ጥሩምባ ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማን አስተዋለ?›› እያለ ተሳፋሪውን ያስቃል። እሷም በነገሩ ትኮራለች። ሌላው ሰው በመልኩ፣ በትምህርቱ ወይም በዘመዱ ይመካል፤ የእሷ መመኪያ ጉሮሮዋ ነበር።

ከራሷ አብራክ የወጣ ልጅ የላትም፤ የታናሽ እህቷን ልጅ ግን ከእናቷ እኩል አሳድጋለች። ልጅቱ በአራት ዓመቷ ታማ የዓይኗን ብርሃን አጣች። እናቷ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ልጅቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ከአክስቷ ጋር ወጥታ፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጣ፣ ትምህርት ቤቷ ደጃፍ እስክትወርድ ድረስ ከተማውን በጆሮዋ እየለየች አደገች። አሥራ ሦስት ሲሞላት አንድ ወጣት የስፖርት አሰልጣኝ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣና እግሮቿን አይቶ፣ ‹‹ርዝመት መዝለል ትወጃለሽ?›› ብሎ ጠየቃት።

‹‹ወዴት እንደምዘል ከነገርከኝ እወዳለሁ›› አለችው።

ዓይነ ስውራን የሚወዳደሩበት የርዝመት ዝላይ ጠሪ የሚባል ሰው ይፈልጋል። ጠሪው ከአሸዋው ጉድጓድ ፊት ለፊት ቆሞ ያለማቋረጥ ድምፅ ይሰጣል፤ ዘላይዋ ያንን ድምፅ እንደ ገመድ ይዛ ትንደረደራለች፤ ለመዝለል ስትነሣ ጠሪው ዘወር ይልላታል። አሰልጣኙ ይህን አስረድቶ፣ ‹‹እንግዲህ ድምፁን የምታምኚው ሰው ማነው?›› ሲላት፣ ‹‹አክስቴ›› አለች። ‹‹ሥራዋ ምንድን ነው?›› ቢላት፣ ‹‹መጮኽ›› ብላ መለሰችለት።

እንዲህ ሆኖ ደወል ጠሪ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ ልምምድ አደረጉ። በአንድ ወገን ጎማ ጠጋኞች ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ በሌላ ወገን መኪኖች ይንጫጫሉ። አክስት ጮኻ ‹‹ነይ›› ስትል፣ ልጅቱ አንድ እርምጃ ትወረውራለች። አሥራ አራት ‹‹ነይ››፣ አሥራ አራት እርምጃ፣ ከዚያ ዝላይ። ልጅቱ በሀገር አቀፍ ውድድር አሸነፈች፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ለሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ውድድር ተመረጠች።

ከመሳፈራቸው በፊት አሰልጣኙ ደወልን ለብቻዋ ጠርቶ፣ አንገቱን እየደፋ፣ ‹‹እትዬ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች በሙያው የሠለጠነ ጠሪ ይመደብ እያሉ ነው። እኔ ለጊዜው እርስዎ ይሁኑ ብያለሁ። በዚህ ውድድር ውጤት ካልመጣ ግን ከዚህ በኋላ አፌን ሞልቼ ልከራከርልዎ አልችልም›› አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ለልጅቱ አልነገረቻትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ስትሳፈር የፈራችው ግን ከፍታውን አልነበረም፤ ሌላ ሰው በእሷ ቦታ ቆሞ ‹‹ነይ›› ሲል ይታያት ነበር።

የውድድሩ ስታዲየም ዙሪያውን በጣሪያ የተከደነ፣ እንደ ትልቅ ገበታ የጎደጎደ ነበር። ማሟሟቂያው የተደረገው ውጭ ባለ ገላጣ ሜዳ ስለነበረ ማንም ምንም አልጠረጠረም። እንደ ውድድሩ ደንብ ዓይኗን በጥቁር ጨርቅ ያሰረችው ልጅ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ስትቆም፣ የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ተመልካቹን ዝም እንዲል ለመነ፤ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ፀጥ አለ። ደወል በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፀጥታ ገጥሟት አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት የታገለችው ከሞተር፣ ከጥሩምባና ከሌሎች ረዳቶች ጋር ነው፤ አሁን የሚታገላት ጠፋ። ያላትን ሁሉ አውጥታ ለቀቀችው።

ልጅቱ እስከ አምስተኛው እርምጃ ቀጥ ብላ መጣች። በስድስተኛው ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ ስትዘልም አንድ እግሯ ከአሸዋው ውጭ አረፈ። ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሣ። ደወል ሮጣ ደረሰችና የልጅቱን የተላጠ ጉልበት እየዳበሰች፣ ‹‹ምን ነካሽ እናቴ?›› አለቻት።

‹‹አክስቴ፣ ሁለት ሆንሽብኝ።››

‹‹እንዴት ነው ሁለት የምሆነው?››

‹‹አንዷ ከፊቴ ትጠራኛለች፤ ሌላዋ ከቀኜ። የቀኟ ትንሽ ትዘገያለች፤ ግን ከአንቺ ይልቅ በራሷ ትተማመናለች። እሷን ተከተልኳት።››

አሰልጣኙ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ‹‹የገደል ማሚቶ ነው›› አለ። ‹‹ድምፅዎን ተቀብሎ ይመልሰዋል። እትዬ፣ ይቀንሱት።››

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የደወል ድምፅ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው አልነበረም፤ ቀንሺ ያላት ሰውም ከዚያን ቀን በፊት አልነበረም። በሁለተኛው ሙከራ ጉሮሮዋን አንቃ ያዘችውና ‹‹ነይ›› ብትል፣ የወጣው የበሽተኛ ድምፅ ሆነ። ልጅቱ በድምፁ ውስጥ ፍርሃት ስለሰማች በመካከል ቆመች፤ ዳግመኛ ሳትነሣም የተፈቀደላት ደቂቃ አለቀ። ሁለተኛ ቀይ ባንዲራ ተነሣ።

ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች የቀረው አንድ ነው። እሱ ከከሸፈ ልጅቱ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ፣ አንዲት ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይመዘገብላት ትመለሳለች። አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹ይህቺን አንዷን እኔ ልጥራላት›› አለ።

ደወል የፈራችው ነገር ደረሰ፤ የባሰው ደግሞ ሰውየው ልክ መሆኑ ነበር። ‹‹እሱ ይጥራልሽ፣ ልጄ›› አለች። ‹‹እኔን እንደሁ ፈጣሪ ዝግ ብሎ መናገር አልሰጠኝም።››

ልጅቱ ጉልበቷ እየደማ ሳቀች። ‹‹ውሸታም። የጠዋቱን የመጀመሪያ ጉዞ ረሳሽው?››

በመጀመሪያው ጉዞ የሚሳፈሩት አዳር የሠሩ ዘበኞችና ነርሶች ናቸው፤ ገና ከመቀመጣቸው ራሳቸውን መስኮት ላይ ጥለው ያንቀላፋሉ። ደወል የእያንዳንዱን መውረጃ ታውቃለች። በወንበሮቹ መካከል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ በአንዱ ጆሮ ‹‹ድልድይ›› ትላለች፤ የሚወርደው ብቻ ይነቃል፤ ትከሻው ላይ የተኛው አይነቃም። ይህን ሥራ ብላ ቆጥራው አታውቅም፤ ለማንም አውርታው አታውቅም።

‹‹ከኋላው ወንበር ስትናገሪ እኔ ከፊት ሆኜ እሰማሽ ነበር›› አለች ልጅቱ። ‹‹ሾፌሩ አይሰማሽም፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል። በይ አሁን ቀስቅሺኝ።››

አሰልጣኙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ስታዲየሙ እንደገና ፀጥ አለ። ደወል ከአሸዋው ማዶ ጎንበስ አለች፤ ሠላሳ ሜትር ርቃ የቆመችውን ልጅ በመስኮት እንደተደገፈች ተሳፋሪ ቆጥራ፣ ‹‹ነይ›› አለች። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ደረቅ፣ ቁርጥ ያለ ነበር። ጣሪያው የሚመልሰው አጣ። ‹‹ነይ።›› ልጅቱ ቀጥ ብላ መጣች፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። በአሥራ አራተኛው ደወል ዘወር አለች፤ ከአጠገቧ ነፋስ ሲያልፍና አሸዋ ሲበተን ሰማች። ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ስትገልጥ ዳኛው ነጭ ባንዲራ ይዟል።

አራት ሜትር ከአሥራ ዘጠኝ። ልጅቱ በስድስተኛነት ወደ ቀሪዎቹ ሦስት ሙከራዎች አለፈች።

ደወል ልትጮኽ አፏን ስትከፍት አሰልጣኙ በመዳፉ ከደነው፤ ሌላ ተወዳዳሪ ለመነሣት እየተዘጋጀች ነበርና። ይህቺኛዋ ከሌላ ሀገር የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ጠሪዋ ደግሞ እንደ ምሰሶ የረዘመ፣ እስካሁን በደረቱ ሲያገሣ የነበረ ሰው። ሰውየው ደወልን ሲያያት ቆይቶ፣ እሱም ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጭኗ ልጅ በአንድ ዝላይ ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ ተስፈነጠረች።

‹‹አየኸው?›› አለች ደወል በአሰልጣኙ መዳፍ ውስጥ። ‹‹ሙያዬን ዓይኔ እያየ ሰረቀኝ።››

‹‹ዝም ይበሉ እትዬ።››

‹‹ዝም ብዬ አይደል የተሰረቅኩት?››

በስድስተኛው ሙከራ ልጅቱ አራት ሜትር ከአርባ አንድ ዘለለች፤ ከአራተኛዋ በሦስት ሴንቲ ሜትር በልጣ ሦስተኛ ወጣች። ያ የውድድሩ የመጨረሻ ዝላይ ነበር፤ ዝምታ ግዴታ የሆነበት ጊዜ አበቃ። ደወል ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን እልልታ ባንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። ጣሪያው ተቀብሎ አምስት ጊዜ መለሰው፤ ከሜዳው ማዶ ዲስኩስ ሊወረውር የተዘጋጀ ልጅ ደንግጦ ዲስኩሱን እግሩ ሥር ጣለ፤ ረጅሙ ጠሪ ጆሮውን ይዞ በሳቅ ተንከተከተ። ልጅቱ በአሸዋው መካከል ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው አንጋጥጣ፣ ‹‹አሁን ስንት ሆንሽ?›› እያለች አክስቶቿን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ሜዳሊያው በልጅቱ አንገት ላይ ሆኖ ሦስቱም ወደ መኝታቸው ሲሄዱ፣ አሰልጣኙ፣ ‹‹እትዬ፣ ጠሪ ይቀየር የሚለው ወሬ ከእንግዲህ አበቃ›› አለ። ‹‹ይልቅ ሌሎች ሦስት ጠሪዎች አሉኝ፤ ስንመለስ ልላክልዎ። ያሳዩዋቸው።››

ደወል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ፊቷ ላይ ግን እንዳይነበብባት የልጅቱን ክንድ ይዛ የደረጃውን ጠርዝ የምታሳይ መሰለች። ‹‹በሥራ ቀን አይሆንልኝም›› አለች።

‹‹እሑድ ይሁን።››

‹‹እሑድ ከሆነ ይምጡ። ግን አደራህን፣ አስቀድመህ አስጩኻቸውና መርጠህ ላክልኝ፤ የሌላቸውን ድምፅ እንዴት አድርገው ይቀንሱታል?››