ቢጫው መሣሪያ የተሰበረ ሰሞን

ልጄ የድብ ባሕር መንገድ ሲሠራ ባንዲራ ይዛ መኪና ታስቆም ነበር። አራስነቷን ከጨረሰች ብዙም አልቆየችም፤ ሕፃኑን እኔ እይዝላታለሁ፣ እሷ በምሳ ሰዓት መጥታ ታጠባለች።

የተጠቀጠቀው አፈር መጥበቅ አለመጥበቁን የሚለኩበት ቢጫ መሣሪያ ነበራቸው። አንድ ቀን ቴክኒሺያኑ መሬት ላይ ትቶት ስልክ ሊያናግር ዞር እንዳለ ዝናብ ጣለ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ስጥ ዝናብ ሲመጣበት እስኪጠሩት የሚጠብቅ የለም፤ ያየ ሰው ሮጦ ያነሳል ወይ ያለብሳል። ልጄም ጆንያ አለበሰችው። አፈር የሚጠቀጥቀውን መኪና፣ ዳምጠውን፣ የሚነዳው ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ የተጣለ ጆንያ መስሎት ወጣበት።

ቴክኒሺያኑ "ጨረር አለው፣ ራቁ" እያለ መጣ። እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ይደውላል። ፎርማኑ ግን ሥራ እንዳይቆም ብሎ፣ "ያለበስሽው አንቺ፣ የምትለቅሚውም አንቺ" አላት። እንዳትባረር ፈርታ በባዶ እጇ ለቀመችው።

ቤት ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ሕፃኑን እንዳትሰጭኝ።"

አልሰጠኋትም። ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም፣ ጨረር ምን እንደሆነ በምን አውቄ? የላም ወተት አፍልቼ በማንኪያ አጠጣው ጀመር። እሱ ሲያለቅስ እሷ ጓሮ ሄዳ ጡቷን መሬት ላይ ትጨምቃለች።

በነጋታው ፎርማኑ ዘንድ ሄድሁ።

"ጌታው፣ ልጇን ጡት ታጥባ ወይስ አታጥባ?"

"እናቴ፣ እኔ የመሣሪያው ነገር አስጨንቆኛል። የጡቱን ነገር ሐኪም ጠይቂ።"

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ባለ መሣሪያዎቹን ጠይቁ አለችን። ስመለስ የሳይቱን ዘበኛ፣ "አያ፣ እንግዲህ ማንን ልጠይቅ?" አልሁት።

"ምነው፣ ዳምጠውን አትጠይቂውም? ከነዚህ እሱ ይሻላል፤ ሲመጣ እንኳ ይጮኻል" አለኝ።

ቴክኒሺያኑ ደውሎ ያስጠራው የጨረር ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ቀን ወደ ሳይቱ ተመላለስሁ። ሲመጣ አፈሩን ለካ፣ ዳምጠውን ለካ፣ ስብርባሪውን ለካ። ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ልጄን በክንዷ ጎትቼ ፊቱ አቆምኋት። ሰውየው አልተቆጣም። መለኪያውን በእጆቿ፣ በቀሚሷ ላይ አሳለፈው።

"ምንም የለብሽም። የውስጡ ነገር አልፈሰሰም። ጨረር እንደ ጉንፋን ከእናት ወደ ልጅ አይጋባም፤ የዚያን ዕለትም ማጥባት ትችይ ነበር።"

ፎርማኑ ሳቀ። "አየሽ እናቴ፣ በከንቱ ነው የተጨነቅሽው።"

ይህችን አንዲት ቃል በስልክም ቢሆን ጠይቆ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ልጄ ቤት ገብታ ሕፃኑን ተቀበለችኝ። ጡቷን ጎረሰ፣ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፤ ወተቱ ግን እንደ ልብ አልመጣለትም። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ማንኪያ ወደያዝሁት ወደ እኔ አለቀሰ።